ግንቡ ፈረሰ፤ ጭቃው ቆመ

(ይህ ጽሑፍ በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው የታሪክ ትምህርት ክፍል የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነው።)




የማኅበራችን የንግግር ኮሚቴ ስለ ክረምት ጉዞዬ አንዳንድ ነገር እንድነግራችሁ ሲያዘኝ በደስታም በፍርሃትም ነው የተቀበልሁት። በደስታ መቀበሌ ያየሁትን ለብቻዬ ይዞ መቀመጥ ስለ ከበደኝ ነው። የፈራሁበት ምክንያት ደግሞ የአውሮፓን መካከለኛ ዘመን ያስተማሩኝ መምህሬ ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ስላየኋቸው ነው። ስለ ፓሪስ ይነግረናል ብላችሁ የመጣችሁ ብትኖሩ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እኔ ፓሪስን ያየሁት ከአንዱ የባቡር ጣቢያ እስከ ሌላው የባቡር ጣቢያ ድረስ ብቻ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ በፈረንሳይ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለሚገኘው ስለ አልዛስ አገር፤ ማለት በተራሮቹ ራስ ላይ ስላሉት የፈረሱ ግንቦችና ከግርጌያቸው በወይን አትክልት መካከል ስለ ተቀመጡት አሮጌ መንደሮች ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የጉዞዬ ምክንያት ይህ ነው። ፈረንሳይኛ ለመማር ለአንድ ወር ወደ ስትራስቡርግ ተልኬ ነበር። ትምህርቱ ሲያበቃ አምስት ቀን ተረፈኝ፤ ገንዘቤ ግን ለአምስት ቀን የሆቴል ኑሮ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ካርታ፤ አንድ ትልቅ ዳቦና አንድ ያረጀ ጫማ ይዤ በእግሬ ለመሄድ ቈረጥሁ። ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ስለ ነበረ፤ አገሩ የሚመካበትን ፎርማጆ ሰዎች በየቤቱ ሲያቀርቡልኝ እምቢ እያልሁ ያስቀየምኋቸው ብዙዎች ናቸው። ዳቦና ፍራፍሬ ግን አልጐደለብኝም።

በመጀመሪያ የአገሩን አቀማመጥ ላስረዳ። አልዛስ ጠባብና ረጅም አገር ነው። በምሥራቅ በኩል የራይን ወንዝ ይወስነዋል፤ በምዕራብ በኩል የቮዥ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። ከምዕራብ ባሕር እየተነዳ የሚመጣው ደመና ዝናሙን በተራሮቹ ላይ አራግፎ ስለሚያልፍ፤ ከተራሮቹ ወዲህ ያለው ቈላ ደረቅና ፀሐያማ ነው። ኮልማር የምትባለው ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናም 600 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ አዲስ አበባ ከምታገኘው ግማሽ ያህል ማለት ነው። ወይን ደግሞ እግሩ እርጥበት እንዲበዛበት አይወድም፤ ፀሐይና ተዳፋት ይወዳል። ስለዚህ በተራራው ግርጌ ባለው ቀበቶ መሰል ተዳፋት ላይ ሁሉ የወይን ሐረግ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ተሰልፎ ይታያል። በ1953 «የወይን መንገድ» ተብሎ የተሰየመው አውራ ጐዳና 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው ከመንደር ወደ መንደር እየተጠማዘዘ ይሄዳል። እኔም የሄድሁት በዚያው መንገድ ዳር ዳር ነው።

መንደሮቹ ከግርጌ ሲሆኑ ግንቦቹ ከራስጌ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በራይን ሸለቆ ውስጥ ንግድ ያልፋል፤ ወይኑ ሀብት ነው፤ ከተራራ ራስ ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም የሚመለከት መስፍን ቀረጥም ግብርም ይሰበስባል። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን እያንዳንዱ መስፍን ከጐረቤቱ የበለጠ ከፍ ያለ ቋጥኝ እየፈለገ ግንብ ያሠራ ነበር። ስለዚህ ዛሬ አንድ መንገደኛ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ አራት አምስት ፍርስራሽ ማየት ይችላል።

በመጀመሪያው ቀን ከስትራስቡርግ በባቡር ሴሌስታ ወርጄ ወደ ኦ-ኬኒግስቡርግ ወጣሁ። የስሙ ትርጉም «ከፍተኛው የንጉሥ ግንብ» ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 757 ሜትር ላይ ተቀምጦ ሜዳውን ሁሉ ቍልቍል ይመለከታል። ስሙ በጽሑፍ የታወቀው በ1147 ነው። በ1462 ፈርሶ ነበርና እንደገና ተሠራ። ኋላም በሠላሳው ዓመት ጦርነት ጊዜ፤ በ1633፤ የስዊድን ጦር ለ52 ቀን ከቦት ያዘውና አቃጠለው። በዚያው ዘመን በእኛ አገር ዐፄ ፋሲል ዙፋን ላይ ከወጡ ገና አንድ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ የጐንደርም ግንብ ገና አልታነጸም ነበር። እንግዲህ እነዚያ ግንባቸው ሲፈርስ እኛ ልንሠራ እንዘጋጅ ነበር ማለት ነው።

ከቃጠሎው በኋላ ግንቡ ከ250 ዓመት በላይ የዛፍና የወፍ ቤት ሆኖ ቆየ። አልዛስ በ1871 ወደ ጀርመን ግዛት ከተጠቃለለ ወዲያ፤ በ1899 የሴሌስታ ከተማ ፍርስራሹን ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ቪልሄልም ሰጠችው። ንጉሠ ነገሥቱም ቦዶ ኤብሃርት የተባለውን የሕንፃ ሊቅ አዝዘው ከ1900 እስከ 1908 ድረስ ሙሉውን አሳደሱት። ጣሪያው፤ ተንቀሳቃሽ ድልድዩ፤ የነፋስ ወፍጮው፤ የጦር ዕቃ አዳራሹ ሁሉ እንደ አዲስ ተሠራ። ሐሳባቸው የግዛታቸውን ምዕራባዊ ወሰን በአንድ ትልቅ ምልክት ማስታወቅ ነበር። ነገር ግን ምረቃው ከተደረገ ከ10 ዓመት በኋላ ጦርነቱን ተሸነፉ፤ ዙፋናቸውንም ለቀቁ፤ ግንቡም በ1919 የፈረንሳይ መንግሥት ንብረት ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ግንቡ ያማረ ነው። አዳራሾቹን በሙሉ ጐብኝቻለሁ። ነገር ግን በየደረጃው ስወጣ አንድ ነገር ያስቸግረኝ ነበር፤ ይኸውም የትኛው ድንጋይ የ15ኛው ክፍለ ዘመን፤ የትኛው የ1905 እንደሆነ ለመለየት ዓይኔ አለመቻሉ ነው። ያን ጊዜም ሊቃውንቱ በዚሁ ነገር ተከራክረዋል። ገሚሱ «ፍርስራሽ ፍርስራሽ ሆኖ ይቆይ፤ ያልነበረ ነገር አትጨምሩበት» አለ፤ ገሚሱም «ሕዝብ ያላየውን ነገር አይረዳምና ሠርታችሁ አሳዩት» አለ። እኔም ይህን ክርክር በሆዴ ይዤ ቍልቍለቱን ወረድሁ።

በሁለተኛው ቀን ሪቦቪሌ ደረስሁ። በዚያች ከተማ ራስጌ ሦስት ግንቦች አሉ፤ ሴንት ኡልሪክ፤ ጊርስቤርግና ኦ-ሪቦፒየር ይባላሉ። ሦስቱም የሪቦፒየር መሳፍንት ነበሩ። እነዚህ መሳፍንት የአዝማሪዎች ጠባቂ በመሆን የታወቁ ናቸው። በአልዛስ የሚዞሩ ማሲንቆ መቺዎችና ዋሽንት ነፊዎች ሁሉ በማኅበር ተደራጅተው በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሪቦቪሌ እየመጡ ለመስፍኑ ግብር ይከፍሉ ነበር፤ መስፍኑም በበኩሉ ማንም እንዳይበድላቸው ይጠብቃቸው ነበር። እስከ ዛሬም ድረስ በመስከረም መጀመሪያ እሑድ የአዝማሪዎች በዓል በከተማዋ ይከበራል። ይህን በሰማሁ ጊዜ የእኛን አዝማሪዎች አስታወስሁ።

ወደ ሦስቱ ግንቦች የሚወስደው መንገድ በወይን አትክልት ይጀምርና በደን ውስጥ ይገባል። አቀበቱ ጉልበት ይፈትናል። ስለ ሁለቱ ግንቦች አንድ አፈ ታሪክ ይነገራል። ሁለት ወንድማማቾች በሴንት ኡልሪክና በጊርስቤርግ ፊት ለፊት ሲኖሩ፤ ለአደን የሚወጡ ቀን ቀድሞ የነቃው የሌላውን መስኮት በቀስት እየመታ እንዲቀሰቅሰው ተስማምተው ነበር አሉ። አንድ ቀን ግን ቀስቱ ሲወረወር ተኝቶ የነበረው ወንድም መስኮቱን ከፈተና ፍላጻው ደረቱን ወጋው። ሁለቱ ግንቦች በእውነትም እንዲህ የተቀራረቡ ናቸው።

ነገር ግን የሴንት ኡልሪክን ግንብ መጀመሪያ የጣለው ፍላጻም መድፍም አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መሳፍንቱ ራሳቸው ሰለቻቸው። ቋጥኙ ላይ ብርድ አለ፤ ውኃ ሩቅ ነው፤ ገበያ የለም። ስለዚህ ከከተማው ጋር የተያያዘ አዲስ ቤተ መንግሥት ሠርተው ወረዱ። የሠላሳው ዓመት ጦርነት የደረሰበት ቀድሞውንም ባለቤቱ ከተለየው በኋላ ነው። በታላቁ አዳራሽ ውስጥ ባለ ቅስት መስኮቶች በመደዳ ቆመዋል፤ ከላያቸው ጣሪያ የለም። በአንደኛው መስኮት ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን እየበላሁ ወደ ታች ስመለከት፤ የከተማዋ ቀይ ጣሪያዎች ሁሉ ጢሳቸው ይወጣል፤ የወይኑ ረድፍ ውስጥ ሰዎች ይንቀሳቀሳሉ። ከላይ ያለው ድንጋይ ሞቷል፤ ከታች ያለው መንደር ግን በሕይወት አለ። ይህ ለምን ሆነ? የሚለው ጥያቄ ያን ቀን ያዘኝ።

መልሱን ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያገኘሁትም ከመጽሐፍ አይደለም።

ከሪቦቪሌ ወደ ደቡብ ጥቂት እንደ ተሄደ ኡናቪር የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ቤተ ክርስቲያኗ በወይን አትክልት መካከል በጉብታ ላይ ቆማ ዙሪያዋን በግንብ ታጥራለች፤ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶችም በአንድነት ይገለገሉባታል። ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ሪክቪር ትገኛለች። ሪክቪር በቅጥር የተከበበች ስትሆን ዶልዴር የተባለው የበር ግንቧ በ1291 የተሠራ ነው። በነዚህ መንደሮች ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነው የተሠሩት። ምክንያቱም ከቅጥሩ ውጭ ያለው መሬት ለወይን የሚፈለግ ውድ መሬት ስለሆነ፤ ቤት እንዲበላው አልፈለጉም። የቤቱ ምድር ቤት ድንጋይ ነው፤ ከሥሩም ወይን ጠጁ በበርሚል ሆኖ የሚያድርበት ቀዝቃዛ ጓዳ አለ። ከላይ ያለው ፎቅ ግን በእንጨት የተዋቀረ ነው፤ እንጨቶቹም ወደ ውጭ ስለሚታዩ ቤቱ በጥቁር መስመር የተሣለ ይመስላል። በፎቶግራፍ ሁላችሁም አይታችሁት ይሆናል።

በአንዱ መንደር ጠባብ ጐዳና ሳልፍ አንድ ሽማግሌ ከቤታቸው ደጅ በገንዳ አፈር እያቦኩ አየሁ። ከበራቸው በላይ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ዓመት የ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከግድግዳው ላይ አንድ ክንድ ያህል ልስን ተገንጥሎ ወድቆ ውስጡ ይታያል። ቀረብ ብዬ ብመለከት ማገር ነው! በማገሩ ላይ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ተመርጓል።

«አባባ፤ ይህ ቤት የጭቃ ነውን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሽማግሌው ሳቁና፤ «ታዲያ ምን መሰለህ ልጄ? በዚህ አገር አሮጌ ቤት ሁሉ የጭቃ ነው። ፈረንጅ አገር ሁሉ ድንጋይ ነው ብለው ነገሩህ?» አሉኝ።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፤ ነገሩን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። እኔ የተወለድሁት በጭቃ ቤት ነው። እናቴ ክረምቱ ሲወጣ፤ ለዘመን መለወጫ፤ ዝናም የላሰውን ግድግዳ በጭቃና በጭድ ትመርጋለች፤ እኔና እኅቶቼም ጭቃውን በእግራችን እናቦካለን። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ግን የአባቴ ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ፤ «የድንጋይ ነው» ብዬ ዋሽቻለሁ። በዚያ ውሸት ብዙ ዓመት ኖሬበታለሁ። አሁን ደግሞ ከዓለም ዙሪያ ሰው እየመጣ ፎቶግራፍ የሚያነሣው፤ በቅርስነት ተመዝግቦ የሚጠበቀው ቤት፤ እናቴ በየዓመቱ የምትመርገው ዓይነት ጭቃ ሆኖ አገኘሁት።

ጫማዬን አወለቅሁና ገንዳው ውስጥ ገባሁ። ሽማግሌው ደንግጠው «ተው፤ ተው» ካሉ በኋላ፤ እግሬ ሥራውን የሚያውቀው መሆኑን ሲያዩ ዝም አሉ። «ማን አስተማረህ?» አሉኝ። «እናቴ» አልኋቸው። «እንግዲያው መልካም መምህር ናቸው፤ ጭድ ግን ጨምርበት» አሉኝ። እስከ ማታ አብረን መረግን።

በሥራው መካከል ብዙ ነገሩኝ። አያታቸው ከ1870 በፊት ተወልደው ከ1945 በኋላ ነበር የሞቱት። ቤታቸውን ለቀው ሳይሄዱ አራት ጊዜ ዜግነታቸው ተለወጠ፤ በ1871 ጀርመን፤ በ1918 ፈረንሳይ፤ በ1940 እንደገና ጀርመን፤ ጦርነቱ ሲያበቃ እንደገና ፈረንሳይ ሆኑ። አባታቸው ደግሞ ከ1942 ጀምሮ በግድ ለጀርመን ጦር ከተመለመሉት ከአልዛስና ከሞዜል ልጆች አንዱ ነበሩ፤ ቍጥራቸው ከ100 ሺህ በላይ ነው። «ባንዲራው ሲለዋወጥ ወይኑ ግን አልተለወጠም» አሉኝ። «በክረምት ይገረዛል፤ በጸደይ ይታሠራል፤ በበጋ ቅጠሉ ይቀነሳል፤ በመከር ይለቀማል። ግድግዳውም ሲላላጥ ይመረጋል። ይህን ቤት አራት መቶ ዓመት ያቆመው እንጨቱ ወይም ጭቃው እንዳይመስልህ። በየዓመቱ አንድ ሰው መሰላል ላይ ስለ ወጣ ነው።»

ለጥያቄዬ የፈለግሁት መልስ ይህ ነበር። ግንቡ የሦስት ክንድ ውፍረት ያለው ድንጋይ ሆኖ ሳለ ሰው ሲለየው ፈረሰ። ጭቃው ግን ሰው አልተለየውምና ቆመ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባኛል። ሰው ያልሁት ብቻውን የሚኖረውን ሰው አይደለም። መሳፍንቱ እያንዳንዳቸው በየቋጥኛቸው ለብቻቸው ነበሩ። ከታች ያሉት ግን ገና በጥንት ጊዜ ማኅበር ማቆም ተምረዋል። በ1354 በአልዛስ የሚገኙ አሥር ከተሞች በአንዳቸው ላይ የመጣ ጠላት የሁሉም ጠላት ነው ብለው ቃል ተጋብተዋል፤ ኮልማር፤ ሴሌስታና ካይዘርስቤርግ ከነዚያ መካከል ናቸው። በሪቦቪሌም ወይን አምራቾቹ በ1895 የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመዋል፤ ይህም በፈረንሳይ ካሉት የወይን አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሁሉ ቀዳሚው ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን መጥመቂያና ጓዳ መሥራት ቢያቅተው፤ ብዙዎች ተባብረው ሠሩት።

የከተሜው ማኅበር ግን ሁልጊዜ የዋህ ነበር ማለቴ አይደለም። በጉዞዬ መጨረሻ ቀን ያየኋቸው በኤጊሳይም ራስጌ ያሉት ሦስት ግንቦች የተቃጠሉት በ1466 ነው፤ መነሻውም እጅግ ትንሽ ነገር ነበር። በሙሉዝ ከተማ አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ስድስት ኦቦል፤ ማለት ጥቂት ሳንቲም፤ ቀረብኝ ብሎ ተከራከረ። ከተማው አልሰማውም፤ እርሱም ክርክሩን ለአንድ መኰንን አሳልፎ ሰጠ። መኰንኑ በዚያ ምክንያት ከተማውን ማስጨነቅ ጀመረ፤ የከተማው ሰዎችም ተቈጥተው ወጥተው ግንቡን አቃጠሉት። ይህ ነገር «የስድስቱ ኦቦል ጦርነት» ይባላል። ለአንድ ደኻ በጊዜው ያልተሰጠ ፍርድ ስንት እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ከኤጊሳይም በፊት ግን በአራተኛው ቀን ያየሁትን ሳልነግራችሁ ማለፍ አይገባኝም። ከሪክቪር ወደ ደቡብ ሲወረድ ሚትልቪር፤ ቤንቪርና ሲጎልሳይም የሚባሉ መንደሮች ይከተላሉ። ሪክቪርን ያየ ሰው እነዚህንም እንደ እርሷ አሮጌ አድርጎ ይጠብቃቸዋል፤ ሲደርስ ግን ቤቶቹ አዲስ ሆነው ያገኛቸዋል። ምክንያቱ በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በኮልማር ዙሪያ በተደረገው ጦርነት ፈጽመው መውደማቸው ነው። ሪክቪር በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ሳትነካ ተረፈች፤ ቤንቪር ግን አመድ ሆነች። እኛ ጐብኚዎች የ13ኛውን ክፍለ ዘመን ፍርስራሽ እንደ ሥዕል እያየን «እንዴት ያምራል» እንላለን። የ1944ቱን ፍርስራሽ ግን ማንም ያምራል ብሎ ሊያቆየው አልፈለገም፤ ሰዎቹ ጠርገው እንደገና ቤት ሠሩበት፤ ወይኑንም እንደገና ተከሉ። ፍርስራሽ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የአንድ ሰው ልቅሶ እንደ ነበረ ያን ቀን ገባኝ።

ከሲጎልሳይም በላይ ባለው ኮረብታ ላይ፤ በወይኑ መካከል፤ በዚያ ጦርነት የሞቱ ከ1500 የሚበልጡ የፈረንሳይ ጦር ወታደሮች መቃብር አለ። በመቃብሮቹ መካከል ስመላለስ መስቀል የሌላቸው፤ የእስልምና ምልክት ያለባቸው ብዙ ሐውልቶች አየሁ። ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ወታደሮች ናቸው። ከሰሃራ ዳር መጥተው፤ በበረዶ ውስጥ ተዋግተው፤ ጣዕሙን ላያውቁት ለሚችሉት ወይን አገር ሞቱ። ከዚያ ኮረብታ የሚታየው አገር እጅግ ያማረ ነው። እኔ ግን ካርታዬን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ።

በዚያው ቀን ማታ ካይዘርስቤርግ ገባሁ። ይህች ከተማ በ1514 የተሠራ ምሽግ ያለው ድልድይና በጫካው ራስ ላይ የቆመ ክብ ግንብ አላት። በ1875 ዶክተር አልበርት ሽቫይትዘር የተወለዱት በዚህች ከተማ ነው፤ በ1913 ወደ ጋቦን ሄደው በላምባሬኔ ሐኪም ቤት ያቆሙት፤ የ1952ን የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሸለሙት ሰው ማለት ናቸው። በአንድ ቀን አፍሪካውያን የሞቱበትን ኮረብታና ለአፍሪካ ሐኪም የሆነው ሰው የተወለደበትን ቤት ማየት ለእኔ የሚደንቅ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ንግግሬ መደምደሚያ ልምጣ። «ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው።

የእኔ መንደር ከጉዛራ ግንብ ብዙ አይርቅም። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ስም የሚጠራው ይህ ግንብ ከእንፍራዝ አጠገብ፤ ጣናን ቍልቍል በሚያይ ኮረብታ ላይ ቆሟል። ያለፉት ዘመናት መንገደኞች በዚያ አውራጃ፤ በይፋግ በኩል፤ የወይን አትክልት እንዳዩ ጽፈዋል፤ ስለዚህ በእኛም አገር ግንብና ወይን ጐረቤት ነበሩ ማለት ይቻላል። እኔ በልጅነቴ በዚያ ግንብ ሥር ፍየል ጠብቄአለሁ፤ በድንጋዩም ላይ ወንጭፍ ተለማምጃለሁ። ማን እንደሠራው ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው አልዛሳዊ «በአገርህ ግንብ አለን?» ብለው ሲጠይቁኝ «አለ» አልሁ፤ «ምን ይመስላል?» ሲሉኝ ግን ስለ ኦ-ኬኒግስቡርግ ከማውቀው እኩሌታውን እንኳ ልነግራቸው አልቻልሁም። ያን ጊዜ ያፈርሁት እፍረት እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

የጐንደር የፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በጣልያን ወረራ ጊዜ ግንቦቹ ሲታደሱ በኖራ ፋንታ ሲሚንቶ ተጨምሮባቸው እንደ ነበረና ይህም ለግንቡ እንዳልተስማማው መምህሮቻችን አስተምረውናል። ስለዚህ «እናድስ ወይስ እንተወው?» የሚለው የአልዛስ ክርክር የእኛም ክርክር ነው። እኔ ሊቅ አይደለሁምና ፍርድ አልሰጥም። ነገር ግን ያየሁት አንድ ነገር ቢኖር፤ ለግንቡ የሚከራከር ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ለጭቃ ቤቱ ግን የሚከራከር የለውም። በአልዛስም ቢሆን ሁሉ አልዳነም፤ ብዙ የጭቃ ቤቶች ፈርሰዋል። ከመፍረስ የዳኑት አንዳንዶቹ እንጨት በእንጨት ተነቅለው በ1984 በተከፈተው በኡንገርሳይም የመንደር ሙዚየም ውስጥ እንደገና ተተክለዋል። በሪክቪርም አንዳንዱ ቤት ዛሬ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ብቻ ሆኗል፤ ማታ ጐብኚው ሲሄድ መብራት አይበራበትም። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ፤ «መብራት የማይበራበት ቤት ግንብ ሆነ ማለት ነው» ብለው ነበር።

እኛ የተማርነው ልጆች ከመንደራችን ወጥተናል። ወጥተን መማራችን መልካም ነው። ነገር ግን መሳፍንቱ ከቋጥኛቸው እንደ ተለዩ እኛም ከቤታችን ፈጽመን ከተለየን፤ የምንመለሰው ጐብኚ ሆነን ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ስንመለስ አንድ ደብተር እንያዝ። በመንደራችን ያለውን አሮጌ ነገር ሁሉ፤ ግንብም ቢሆን፤ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፤ መስጊድም ቢሆን፤ የአያት ቤትም ቢሆን፤ ማን እንደሠራው፤ በምን እንደተሠራ፤ ማን እንደሚጠብቀው ሽማግሌዎችን ጠይቀን እንጻፍ። ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ጫማና ጆሮ ይበቃዋል። ስንመለስም የጻፍነውን በዚህ ጋዜጣችን ላይ እናውጣው። ይህን ሥራ ሊመሩን ፈቃደኛ የሚሆኑ መምህራን ቢገኙ ደግሞ ደስታችን እጥፍ ይሆናል።

እኔ በበኩሌ ከጉዞዬ የተመለስሁት ዘመን መለወጫ ከመድረሱ በፊት ነበር። በማግሥቱ ወደ እናቴ ቤት ሄድሁ። ጭቃው ተቦክቶ ጠበቀኝ። እናቴ «የተማረ ሰው ጭቃ አይረግጥም፤ ተቀመጥ» አለችኝ። አልተቀመጥሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ ቤት ጠየቅኋት፤ ማን አቆመው? ወጋግራው ከየት መጣ? ጭዱ ለምን ይበዛል? አልኋት። እርሷም እየሳቀች እስከ ማታ ነገረችኝ። በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈው ያ ነው።